ማን ነካው

ሱቄን ከዘጋሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ሱቅ ነበረች። ለምን ዘጋህ ለሚለኝ ሁሉ ዓይኔን አሳየዋለሁ። ሞራ ጋርዶታል። ሩቅ ያለውን ግመል አያለሁ፤ መዳፌ ላይ ያለውን ብሎን ግን አላይም። ይህንንም የምጽፈው በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ገጽ ስምንት መስመር እያደረግኩ ነው፤ ደብተር ሻጩ ሳይጠረጥረኝ አልቀረም።

ደግሞም ሰው ሁሉ ሥራውን ወደ ስልክ አዛወረ። ስልክ አልወድም። ክዳኑ በሙጫ የተጣበቀ ዕቃ ውስጡን ማሳየት የማይፈልግ ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ሰውም ቢሆን አላምነውም። ባለቤቴ «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም። ግን በዚህ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ሰው ምን ይሁን? ሰው የተበላሸ ኮምፒውተር ታቅፎ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ምንም አልነካሁትም» ነው። ቡና የደፋበትም፣ ከጠረጴዛ ላይ የጣለውም፣ ልጁ ሳንቲም የከተተበትም አንድ ናቸው። በዕድሜዬ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ የመጣ ደንበኛ አልገጠመኝም። አንድ ሰው ብቻ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ፤ እሱንም በቦታው እነግራችኋለሁ።

ከመዝጋቴ በፊት ካቻቢቴዎቹን፣ መበየጃውን፣ ጠረጴዛውን ሸጥኩ። አንድ አሮጌ ደብተር ቀረኝና ለማን እንደምሰጠው ቸግሮኝ ሰነበትኩ።

የመተማ ቆላ ልጅ ነኝ። ወደዚህ የመጣሁት እንደ ሌላው ሁሉ ሰሊጥ ለማጨድ ነበር፤ ፋሽጋ ላይ፣ ትራክተር ያረሰው መሬት ጫፉ በማይታይበት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ወባ ጣለኝና ጓደኞቼ ገዳሪፍ አውርደውኝ ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። የተሻለኝ ጊዜ ኪሴ ባዶ ነበር። በረንዳቸው ላይ ጥላ ፍለጋ ተቀምጬ ያገኙኝ ሱዳናዊ ሽማግሌ ኡስታዝ በክሪ ይባላሉ። ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ኮምፒውተር ጀመሩ። ቀጭን ናቸው፤ ጀለቢያቸው ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ይሰኩ ነበር። አንደኛውን ለማዋስ ነው።

«ያ ዙል፣ መሸከም ትችላለህ?» አሉኝ። ዙል በሱዳኖች አፍ ሰውዬው እንደማለት ነው። እችላለሁ አልኩ። ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ምሳው ግን ፉል ሆኖ በየቀኑ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቴንም እሳቸው አሠሩልኝ።

በክሪ ደንበኛ ሻይ ሳይጠጣ ዕቃውን አይከፍቱም። አንድ ብርጭቆ አይበቃም፣ ሁለት። «በመጀመሪያው ብርጭቆ ሰው ይዋሻል፣ በሁለተኛው እውነቱን ያመጣዋል» ይሉ ነበር። አላመንኳቸውም። ከዚያ ግን መቁጠር ጀመርኩ፤ እንዳሉትም ነበር። ሻዩ ካለቀ በኋላ በመዳፋቸው ጀርባ የኮምፒውተሩን ጎን ይነካሉ፤ ልክ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካ። የመዳፍ ሆድ ሥራ ያደነደነው ስለሆነ ሙቀት አይለይም፤ ጀርባው ግን ይለያል። ቀጥሎ ከኋላ ማራገቢያው ጋ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ። የተቃጠለ ሽቦ አንድ ሽታ አለው፣ የታፈነ አቧራ ሌላ ሽታ አለው። ብሎኖቹን በተጠጣባቸው የሻይ ብርጭቆዎች ይለያዩዋቸዋል፤ የክዳኑ በአንዱ፣ የዲስኩ በሌላው። አንድ የእህል ነጋዴ ወሬ ይዞት ብሎን ያለበትን ብርጭቆ አንስቶ አፉ ጋ ሲያደርስ ደርሼበታለሁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደብተራቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ይከፍታሉ፤ ከላይ በዐረብኛ «ማን ነካው?» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ ዕቃው ደህና ከነበረበት ቀን ጀምሮ የነካውን ሰው ሁሉ ስም በተርታ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ሁልጊዜ የሚጻፈው «በክሪ» ነው። ዕቃውን አይተውት የማያውቁ ቢሆኑም መጀመሪያ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ምን አደረጉና?»

«አሁን እጄን አሳረፍኩበት አይደል? አልነካሁም እንዴት እላለሁ?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ያ ሞላ፣ እስክሪብቶ የያዘው ሰው ራሱን ካላስቀደመ የሌላውን ስም መጻፍ ይጣፍጠዋል።»

ቃሉን ሰማሁት እንጂ አልያዝኩትም። እሳቸው ሲሞቱ ደብተሩ ገና ግማሹ ባዶ ነበርና ልጆቻቸው ለእኔ ሰጡኝ። ጥቂት ወራት እንደ እሳቸው ጻፍኩ፤ ደንበኛ ሲበዛ ተውኩት። ከዚያ ፋው ላይ በመስኖው አገር ሠራሁ። የስደተኛው ጎርፍ በሐምዳይት በኩል ሲገባም ካምፖቹ ውስጥ የስም መመዝገቢያ ኮምፒውተሮችን የሚጠግን ሰው ተፈልጎ ተቀጠርኩ። ደመወዙ መልካም ነበር፤ ለአንድ ማውዝ የሚሞላው ቅጽ ግን ከማውዙ ይከብድ ነበር። ጄኔሬተር፣ አቧራና የቸኮለ ሰው ኮምፒውተርን እንዴት እንደሚገድሉ የተማርኩት እዚያ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ገዳሪፍ ተመልሼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። በሬ ላይ ለተብርሃን የምትባል ከካምፕ የወጣች የትግራይ ልጅ ሻይ ትሸጥ ነበር፤ ብርጭቆዎቹን የምወስደው ከእሷ ነው።

የወይዘሮ ጥሩዬ ነገር የመጣው ያኔ ነው።

ጥሩዬን ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ለቀን ሠራተኞች ምግብ ትሸጣለች። ሃምሳን አልፋለች፤ ያኔ ኪቦርድ ነክታ አታውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር አይታ ነበር። ከጎንደርና ከመተማ የሚመጣው ሠራተኛ ለአገሩ ደብዳቤ፣ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ለማስጻፍ በአማርኛ የሚጽፍ ያጣል። «ምግቡን እየበላ ወረቀቱም ይጻፍለት» አለች። ኮምፒውተሯን የገዛችው ከክርስትና ልጇ ከአበጀ ነው። አበጀ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። በአንድ ሱዳናዊ ሸሪኩ ስም በወጣ ሩኽሳ፣ ማለትም በንግድ ፈቃድ፣ አዳዲስ ኮምፒውተር ይሸጣል። ያለዚያ ወረቀት እሱ አንድ ቀን በሩን መክፈት አይችልም። የሱቁ ሕይወት በሸሪኩ እምነት ላይ ነው የቆመው።

አልደብቅም፤ አበጀን አልወደውም ነበር። እሱ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ሰው አሮጌውን ማስጠገን ትቶ አዲስ መግዛት ጀመረ። ደግሞ በዚያ ሰሞን አንዳንድ ነጋዴዎች ያገለገለ ማሽን አጥበው፣ አዲስ ክዳን አልብሰው አዲስ ነው እያሉ ይሸጡ ነበር። አበጀም ከእነዚያ አንዱ እንደሚሆን ያለ ማስረጃ አምኜ ተቀምጬ ነበር።

ኮምፒውተሯ በገባች በሳምንቱ የሚካኤል ማኅበራችን አባላት ለምርቃት ሄድን። በእኛ ዘንድ የተዋሱትን ሰታቴ እንኳ ባዶውን አይመልሱም፤ አዲስ ዕቃም ባዶውን አይመረቅም፤ ጋን ከሆነ ውኃ፣ አቁማዳ ከሆነ እህል ጠብ ይደረግበታል። አንዱ «ኮምፒውተርም ዕቃ ነው፤ ባዶዋን እንዴት እንመርቃታለን?» አለ። ሰውም እውነት መሰለው። እያንዳንዱ ፍላሹን ይዞ መጣ። ዲያቆኑ መዝሙር ጫነላት። ራክሻ ነጂው፣ የባለ ሦስት እግሯ ታክሲ ባለቤት፣ አርባ የሕንድ ፊልም። የካምፕ አስተማሪው መዝገበ ቃላትና «ይህችም ትጠብቅሻለች» ብሎ አንድ ጸረ ቫይረስ። እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የዲያቆኑ እህት ደግሞ ዐረብኛዋን እየደባለቀች «ኻላስ፣ ይኼኛው ይሻላል፣ ዋላሂ» እያለች ሌላ ጸረ ቫይረስ። እኔም ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ የደንበኞቼን ማሽን የማስጠብቅበትን ሦስተኛውን ጫንኩላትና «ይኼ ዘበኛ እንቅልፍ የለውም» አልኩ። ተሳቀ።

አበጀ በሩ ጋ ቆሞ ያይ ነበር። «እታለም፣ አታጭቋት እንጂ፤ ገና አዲስ ናት» አለ።

«ዝም በል አንተ፤ የሰው ምርቃት ይመለሳል እንዴ?» አለችው።

ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ሱቄ መጣች። «አያ ሞላ፣ ያች ነገር ነፍስ እስክትዘራ ድረስ ወጥ ይበስላል። አንድ ፊደል ስነካ እሷ የምትጽፈው እኔ የምጽፈውን ከረሳሁ በኋላ ነው። ሰዉ ወረቀቱን ሳይጠብቅ ይሄዳል።»

በዚያው ቀን ሄድኩ። ሻይ ስታቀርብልኝ በኋላ አልኳት። የበክሪን ደብተር አልያዝኩም። የመዳፌን ጀርባም አላስነካሁ፤ ቀጥታ ካቻቢቴ። ጎኑን ስከፍት ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ ግራጫ ጥጥ ተጋግሯል። ስድስት ሳምንት ያልሞላት ማሽን! የክዳኑ ብሎኖች አናት ተጭሯል፤ ከእኔ በፊት ሌላ ካቻቢቴ ገብቶበታል ማለት ነው። ሜሞሪዎቹን አየሁ፤ ሁለት ናቸው፣ አንዱ የአንድ ፋብሪካ፣ አንዱ የሌላ። ተለጣጥፋለች አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ዲስክ ከተሠራ ጀምሮ ስንት ሰዓት በርቶ እንደቆየ በውስጡ ይመዘግባል። ያንን ቁጥር በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ማየት ይቻላል፤ ክዳኑን ብትቀይረው፣ ብታጥበው፣ ቁጥሩ ያው ነው። ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አላየሁም፤ የምፈልገውን አግኝቼ ነበርና።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። እዚህ አገር ጠላ የለም፤ ጽዋችን ከርከዴ ነው። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ እታለም ጥሩዬ ድንገት ጠየቀችኝ።

«አያ ሞላ፣ አንተ ባለሙያው ነህ። የጌታን እውነት ንገረኝ። ልጄ አታሎኛል?»

አበጀ ከማዶ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። «ገና አላጣራሁም» ማለት እችል ነበር። «ነገ እንነጋገር» ማለት እችል ነበር።

«ዕቃው አዲስ አይደለም» አልኩ።

አበጀ ልጁን ቀስ አድርጎ መሬት አወረደው። «አያ ሞላ፣ የዲስኩን ሰዓት አይተውታል?» አለኝ። ድምፁን አላነሳም።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን እንደ ድፍረት ቆጠርኩበት። «ዓይኔ ያየው ይበቃኛል» አልኩት።

እሱም «እሺ» ብሎ ልጁን ይዞ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ነገሩ ወደ ፖሊስ ሳይሄድ በመካከላችን እንዲያልቅ ፈለጉ፤ ለዚህም እኔ በባለሙያነቴ ያየሁትን በጽሑፍ እንድሰጥ፣ ቅዳሜ እንዲታይ ተወሰነ። በመሃል የአበጀ ሸሪክ ወሬው ደርሶት «ክስ የሚባል ነገር በስሜ ከመጣ ሩኽሳዬን አነሣለሁ» ማለቱን ሰማን። ስለዚህ የእኔ ወረቀት የአበጀን ሱቅ የሚያቆም ወይም የሚጥል ወረቀት ሆነ። ነገሩን አውቄዋለሁ። ቢሆንም እንቅልፍ አላጣሁም፤ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዓርብ ጠዋት ልጽፍ ተቀመጥኩ። ንጹሕ ወረቀት ብፈልግ ያገኘሁት የበክሪ ደብተር ውስጥ ያለውን ነበር። ባዶ ገጽ ፍለጋ ስገልጥ በእያንዳንዱ ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ስማቸው አለ። በክሪ። በክሪ። በክሪ። እኔም «ማን ነካው?» ብዬ ጻፍኩ፤ እንደ ልማዳቸው ከሥሩ «ሞላ» አልኩ። እጄ እዚያ ላይ ቆመ። እኔ ይህችን ማሽን መቼ ነው የነካኋት? ክዳኗን የከፈትኩ ቀን? ወይስ ከዚያ በፊት? የምርቃቱ ቀን በእጄ የሰካሁት ፍላሽ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ጥርጣሬ ነው፤ እፍረቱ ቆይቶ ደረሰ። በዕድሜዬ ሁሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ ራሴን የጠረጠርኩት ያኔ ነው።

ወዲያው ወደ እታለም ቤት ሄድኩ። ሻይ ስጭኝ አልኳት። አንዱን ጠጣሁ፣ ስለ ከሰል መወደድ አወራችኝ። ሁለተኛውን ስትቀዳ «በመጣች ሰሞን እኮ እንዲህ አልነበረችም፤ እሳት ነበረች። የታመመችው ከምርቃቱ ወዲህ ነው» አለች።

«ከመምጣቷ በፊት የከፈታት ሰው አለ?»

«አበጀ ነዋ። እፊቴ ፈትቶ አንድ ነገር ጨመረባት። ‹ለክርስትና እናቴ የኔ ስጦታ ነው፤ ለሰው አትንገሪ፣ ሌላውም ደንበኛ ይጠይቀኛል› አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅከኝ?»

ሁለተኛው ሜሞሪ ይኸው ነበር። የተጫረው ብሎንም ይኸው። አቧራውን ለማወቅ ዞር ማለት ብቻ በቃኝ፤ ኮምፒውተሯ የተቀመጠችው በምድጃውና በማሽላ ዱቄቱ ጆንያ መካከል፣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በሚገባበት መስኮት ሥር ነው። ያቺ ቤት ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ እኔንም በአቧራ ትቀብረኝ ነበር።

የዲስኩን ሰዓት አየሁ። ማሽኗ ከተሠራች ወዲህ የበራችው እታለም ያበራቻትን ያህል ብቻ ነው። አዲስ ናት።

ከዚያ በዚያች ሰዓት ምን ምን ሥራ እየሠራች እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትኩ። ሦስቱ ዘበኞች ከላይ ተደርድረዋል። የጸረ ቫይረስ ነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ፋይል ሲከፈት ዘበኛው አስቁሞ ይፈትሻል። ሁለተኛ ዘበኛ ካለ የመጀመሪያው ፋይሉን ሲነካካ ያየውና እሱንም ይጠረጥራል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም። ከመተማ ገላባት ተሻግራችሁ ወደ ገዳሪፍ ስትመጡ ሦስት ኬላ እንዳለ አስቡት፤ ሁለተኛው ኬላ «የመጀመሪያው ለምን አቆያችሁ?» ብሎ የሚያቆያችሁ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ለምን አለፋችሁ የሚል። እታለም አንድ «ሀ» በነካች ቁጥር ያ «ሀ» ሦስቱን ኬላ ያልፍ ነበር። ከሦስቱ ደግሞ በጣም የሚበላው፣ ማሽኗን አንቆ የያዘው፣ እንቅልፍ የለውም ያልኩት የእኔው ነበር።

አነሣሁት። ሌላውንም አነሣሁ፤ አንዱን ተውኩላት። አጥፍቼ አበራኋት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተከፈተች።

እታለም ስሟን ጻፈች፤ ፊደሉ ከጣቷ ጋር እኩል ወጣ። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «እና ማን ነው ያበላሻት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኳት።

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። «ልጄስ?» አለች።

ወደ አበጀ ሱቅ በሩጫ ሄድኩ። ሸሪኩ ቅዳሜን አልጠበቀም፤ በዚያው ጠዋት ሩኽሳውን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ወስዷል። አበጀ ካርቶኖቹን ፒክአፕ ላይ እየጫነ ነበር፤ ወደ ፋው ሊሄድ ነው፣ ገበያ ላይ ስልክ ሊጠግን። ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ የእኔንም ፍላሽ ጭምር።

«ሰዓቱን አዩት?» አለኝ።

«አየሁት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና ገመዱን ማሰር ቀጠለ። ቢሰድበኝ እወድ ነበር።

ሸሪኩ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ «ማዕሌሽ፣ ስሜ ገበያ ውስጥ ወጥቷል» አለኝ፤ አዝናለሁ ማለቱ ነው። በሚቀጥለው የማኅበር ቀን በዚያው ቦታ ቆሜ ያበላሸሁት እኔ መሆኔን፣ ልጁም ንጹሕ መሆኑን ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ለእግዚአብሔር አሉኝ። እታለም ግን ቀና ብላ አላየችኝም፤ ከእኔ ይልቅ በራሷ አዝና ነበር፤ ክርስትና ያነሣችውን ልጅ ጠርጥራዋለችና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እውነቱ ሲደርስ አበጀ ፋው ላይ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሁለት ዓመት እዚያ ቆየ። ያ ሁለት ዓመት የእኔ ሥራ ነው፤ በጥገና ዘመኔ ሁሉ ያልጠገንኩት እሱን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን አልተውኩም። ከበክሪ ገጾች ቀጥሎ ያለው ሁሉ «ሞላ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

የካርቱሙ ጦርነት ሲመጣ ከተማው በተፈናቃይ ሞላ፣ አበጀም ከቤተሰቡ ጋር ተመለሰ። ሌላ ሸሪክ አግኝቶ ከገበያው ጫፍ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በማኅበር ቀን ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን፤ ጤና ይጠይቀኛል። ሱቄን ግን ረግጦ አያውቅም። በሆዱ ምን እንደያዘ አላውቅም ነበር። እኔ እሱን ብሆን ምን እንደምይዝ ግን አውቃለሁ።

ሱቄን የምዘጋበት ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ።

«አያ ሞላ፣ ይችን እስቲ ይዩልኝ። የአንዲት አስተማሪ ናት፣ አዲስ ጀማሪ ናት። ስታበራት ደህና ትሠራለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ትዝላለች። እኔ አላወቅኩባትም።»

ጠረጠርኩ። ምን ይደረግ፣ አመሌ ነው። አበጀ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። ዓይኔን ማጣቴን ገበያው ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻው ቀኔ ሰው ፊት ሊያሳፍረኝ ነው? ለተብርሃን ሻይ አመጣች። አንዱን ጠጣን። ሁለተኛውን ጠጣን። እሱ እውነቱን አላመጣም፤ ስለ ልጁ ትምህርት ብቻ ነገረኝ።

አብርቶ አቆያት። የመዳፌን ጀርባ ጎኗ ላይ አሳረፍኩ። ትኩሳት ነበራት፤ ሙቀቱም በአንድ በኩል የተጠራቀመ ነበር። አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ የተቃጠለ ነገር የለም፣ የታፈነ ነው። በጣቴ ዳሰስኩ። አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ጎን ላይ ጣቴ ተንሸራተተ። ከፋብሪካ ሲመጣ እንዳይጫር የሚለጠፍበት ስስ ላስቲክ አልተላጠም። አስተማሪዋ አዲስነቱ እንዳይሄድባት ሳታነሣው ቀርታ ማሽኗ መተንፈሻ አጥታለች፤ ሲሞቃት ደግሞ እንዳትቃጠል ራሷን ታዘገያለች። ጫፉን ይዤ ላጥኩት።

ዓይን የማያስፈልገው ሥራ ነበር። ከገበያው ብልሽት ሁሉ አንድ ዓይነ ስውር ሊያገኘው የሚችለው ይህ ብቻ ነው። አበጀ ላስቲኩን ሳያይ ቀርቶ ነው? በድብቅ ለእታለም የሰጣትን ያቺን ሁለተኛዋን ሜሞሪ አስታወስኩና ጥያቄውን ዋጥኩት።

ደብተሩን አውጥቼ ሰጠሁት። «እኔ አይታየኝም። ጻፍ። ማን ነካው በል፤ ከሥሩ መጀመሪያ የእኔን ስም።»

ጻፈ። እስክሪብቶው ሲሄድ ሰማሁት። ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ፤ ትከሻዬን ስሞኝ ማሽኗን ተሸክሞ ሄደ።

እስኪርቅ ጠበቅኩና ለተብርሃንን ጠራኋት። ደብተሩን ዘረጋሁላት።

«እንታይ እዩ?» አለችኝ በቋንቋዋ፤ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

«የጻፈውን አንብቢልኝ።»

«ማን ነካው ይላል። አንደኛ፣ አበጀ።»

«አንደኛ ማን?»

«አበጀ። ሁለተኛ፣ አያ ሞላ። ሦስተኛ፣ አስተማሪዋ።»

በዚያ ደብተር ላይ የስንት ሰው ስም ተጽፏል፤ «አያ» ተብሎ የተጻፈ ተጠርጣሪ ግን አልነበረም። እንደገና አንብቢልኝ አልኳት። ያንኑ አነበበች። እስክሪብቶ የያዘው እሱ ነበርና ራሱን አስቀድሟል።

ደብተሩን ለአበጀ እንድታደርስልኝ ሰጠኋትና የሱቁን በር ሳብኩት።